ስልክ ስታይ ድርቅ የምትል ሕፃን

እህቴ፣ የ7 ወር ልጅሽን እሁድ ከቤተሰብ ጋር ጅማ አጠገብ ጅሬን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ወዳለበት፣ ልትወስጃት ነው። ፎቶ ልታነሻት ስልክ ስታወጪ ድርቅ ብላ ታፈጣለች፣ ስትስቅ ደግሞ ፎቶው ይደበዝዛል ብለሻል። ምክንያታቸው ለየቅል ነው።

ድርቅ የሚያደርጋት ስልኩ ነው። ፊትሽን ሸፍኖ ሲመጣባት እሱን ማጥናት ትጀምራለች። ደረትሽ ላይ አውርደሽ በዓይኗ ከፍታ ያዢውና ፊትሽን ትይ። የሚያጫውታት ሌላ ሰው ካለ የበለጠ ይቀላል፤ ካንቺ ጋር ትከሻ ለትከሻ ይቀመጥ። አምስት ሰው ከአምስት አቅጣጫ "እዚህ እዪ!" ካላት ግን ዓይኗ ይዋልላል። (አክስቶቿን ቡና ማፍላቱ ላይ መመደብ ነው።) በዚህ ዕድሜ ሕፃን ሰው መለየት ስለሚጀምር ብዙም የማታውቃቸው ዘመዶች ወዲያው አይቀፏት። መጀመሪያ ጭንሽ ላይ ሆና ትላመዳቸው። ጡት ጠብታና ተኝታ ከተነሳች በኋላ ያለው ግማሽ ሰዓት ምርጡ ነው። ዓይኗን ማሸት ስትጀምር ስልኩን አስቀምጪው።

አሁን ወደ ሳቁ። ብዙ ሰው ሳቁን ሲያይ ነው የሚጫነው፣ ያኔ ደግሞ አልፏል። በነጠላ አኩኩሉ አጫውቷት፤ ነጠላው ሳይነሳ ተከታታይ ማንሳት ጀምሪ። አይፎን ላይ የማንሻውን ክብ ወደ ግራ፣ አዳዲስ ሳምሰንጎች ላይ ወደ ታች ጎትተሽ ትይዢዋለሽ። ነጠላው ሲነሳ በቅድሚያ ትንፋሿን ዋጥ ታደርጋለች፣ ቅንድቧ ይነሳል፣ አፏ ሳይስቅ ይከፈታል፣ ከዚያ ነው ጉንጯ ዓይኗን የሚያጠበው። ሳቁ ሲያበቃም ጣትሽን አታንሺ፤ "ድገሙልኝ" የምትልበት አስተያየት የሚመጣው ያኔ ነው። በ3 ሰከንድ 30 ያህል ፎቶ ይወጣል። አራቱን በቅደም ተከተል ብታስቀሪ ከአንድ የሳቅ ፎቶ ይበልጣል።

ድብዘዛው ከብርሃን ማነስ ነው። ብርሃን ሲያንስ ስልኩ በራሱ የማንሻ ፍጥነቱን ይቀንሳል፣ ለምሳሌ ወደ 1/60 ሰከንድ፤ የምትስቅ ሕፃን ደግሞ ጭንቅላቷም እጇም አያርፍም። ካሜራሽ ላይ ፍጥነቱን ራስሽ የምትመርጪበት "ፕሮ" የሚለው ካለሽ 1/250፣ እጇን የምታወናጭፍ ከሆነ 1/500 አድርጊው። ከሌለሽ ወደ ብርሃን መጠጋት ብቻ ነው። ጀርባውን የሚያደበዝዘውን "ፖርትሬት" ተዪው፤ ይዘገያል፣ የፀጉሯንም ዳር ይበላዋል። ፍላሽ ያስደነግጣታል። ሌንሱንም ጥረጊው፣ የሕፃን ጣትና ቅቤ ያረፈበት ሌንስ ሁሉን ነገር ጭጋግ ያደርገዋል።

ጅማ ላይ የቀትር ፀሐይ አናት ላይ ስለሚቆም ዓይኗ ጥቁር ጉድጓድ ይመስላል። ጠዋት እስከ 3 ሰዓት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ አንሺ፤ በክረምት ከሰዓት ዝናብ ስለሚበዛ ጠዋቱን ያዢ። ደመና ከሆነ እሰየው። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ጋ ስትደርሱ የበረንዳ ጥላ ፈልጊ፤ ከጥላው ጠርዝ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ፣ ፊቷን ወደ ደጅ። ዛፍ ሥር በቅጠል መሃል የሚሾልክ ፀሐይ ፊቷን ዝንጉርጉር ያደርገዋል። ቀይ ጃንጥላ ደግሞ ፊቷን ቀይ ያደርጋል፣ ይህን ማንም ልብ አይልም። በነጭ ነጠላ ከታቀፈች ካሜራው በነጩ ተታሎ ፊቷን ያጠቁራል፤ ፊቷን ነክተሽ የፀሐይዋን ምልክት ትንሽ ከፍ አድርጊ።

ቀርበሽ ስታነሺ አፍንጫዋ ይገዝፋል። አንድ ሜትር ተኩል ራቂና 2 እጥፍ አቅርቢው።

ምግብ ከጀመረች በጣትሽ ጫፍ የብርቱካን ጭማቂ ብታስቀምሻት የምታሳየው ፊት ሌላ ነው፤ ሳታስቀምሻት በፊት ማንሳት ጀምሪ። ማር ግን የጅማ ቢሆንም፣ አያት ቢያዙም፣ ዓመት ሳይሞላት አይሆንም፤ ለሕፃን አደገኛ የሆነ መመረዝ ሊያመጣ ይችላል።

ለማሳተም በቴሌግራም ስትልኪ "ፋይል" አድርገሽ ላኪው፤ እንደ ተራ ፎቶ ከሄደ ይጨመቅና ጥራቱ ይወርዳል።