የአንባቢያን ጥያቄ፦ በእናቴ ግቢ ውስጥ 24 ካሬ ሜትር ቤት

ጥያቄ

ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ የምኖር መምህርት ነኝ። የቤት ኪራይ እየከበደኝ ስለመጣ እናቴ ከግቢዋ ውስጥ 4 በ6 ሜትር የሆነ ቦታ ፈቅዳልኛለች፤ በዚያ ላይ ለእኔና ለስድስት ዓመት ልጄ የምትበቃ፣ አካባቢን የማትጎዳና ለኑሮም ብዙ ወጪ የማትጠይቅ ቤት ልሠራ አስቤአለሁ። ያነጋገርኩት ግንበኛ ከብሎኬት ውጭ አልሠራም ይላል፤ እናቴ ደግሞ ያደገችበትን የጭቃ ቤት ሙቀት እያነሣች ትሟገተዋለች። ከዚህ ሌላ ለመኝታ የሚሆን ቆጥ ማውጣት ይበጀኝ እንደሆነ፣ ካለኝ ገንዘብም የፀሐይ ፓኔሉን ወይስ የዝናብ ውኃ ማጠራቀሚያውን ማስቀደም እንደሚሻለኝ ምክርዎን እጠይቃለሁ።

መልስ

ሦስት ጥያቄ ቢያቀርቡልኝም መልሳቸው የሚጀምረው ካልጠየቁኝ ነገር፣ ከጣሪያው ነው። ለዚህ ዓይነቱ ቤት ብዙ ጊዜ የሚሠራው በሁለት ወገን የሚያፈስ ጣሪያ ነው። እኔ የምመክርዎ ግን ከሰሜን ወደ ደቡብ በአንድ ወገን ብቻ ያዘነበለ ጣሪያ ነው። ስድስት ሜትሩ ጎን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ከሆነ፣ የሰሜኑን ግድግዳ 3 ሜትር ከ80፣ የደቡቡን 2 ሜትር ከ50 ሳንቲ ሜትር አድርገው ቆርቆሮውን ከደቡቡ ግድግዳ 60 ሳንቲ ሜትር ያህል ወደ ውጭ ያስወጡት።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ላይ ስለምትገኝ በበጋው ወራት ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች፤ በታኅሣሥ 12 ቀን ግድም በቀትር ከአድማስ ያላት ከፍታ 58 ዲግሪ ያህል ነው። ሌሊቱ አጥንት የሚሰብረውም በእነዚሁ ወራት ስለሆነ፣ ይህችን ፀሐይ ወደ ቤት ማስገባት ያለ ክፍያ የሚገኝ ማሞቂያ ነው። ነገር ግን ወጣ ያለው የጣሪያ ጠርዝ በቀትር ከበታቹ አንድ ሜትር የሚጠጋውን የግድግዳ ክፍል ያጠላዋል። በመሆኑም መስኮቱ እንደ ልማዱ ከፍ ብሎ ከተሠራ የቀትሩን ጨረር እምብዛም አያገኝም። መስኮቱን ከወለሉ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ያስጀምሩት፤ ከሥሩም እናትዎ በሚያውቁት ዓይነት በድንጋይና በጭቃ የተሠራ መደብ ያስቀምጡ። ስፋቱ 50 ሳንቲ ሜትር ቢሆን የበጋው የቀትር ፀሐይ ልክ እርሱ ላይ ያርፋል፤ ቀን የጠጣውን ሙቀትም ማታ ቀስ እያለ ይለቃል። መደቡ መቀመጫም ነው፤ በአንደኛው ጫፍ እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ቢሰፋ መኝታም ይሆናል። ለአልጋ፣ ለሶፋና ለማሞቂያ የሚወጣውን ገንዘብና ቦታ አንድ መደብ ይሸፍነዋል ብል ማጋነን አይመስለኝም።

ስለ ግድግዳው፣ እናትዎና ግንበኛው ሁለቱም በከፊል ልክ ናቸው። አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ሲመረት በአማካይ ከግማሽ ኩንታል በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቀቃል፤ በቀጭን ብሎኬት የተሠራ ክፍልም ሌሊት ቶሎ ይቀዘቅዛል። ጭቃ በበኩሉ ጠላቱ ውኃ ነው፤ ከመሬት የሚወጣው እርጥበትም ሆነ በነፋስ እየተገረፈ የሚመጣው ዝናብ ያፈርሰዋል። ስለዚህ ግድግዳውን በጭቃ ይሥሩት፤ የድንጋይ መሠረቱ ግን ከመሬት በላይ ከ50 ሳንቲ ሜትር ማነስ የለበትም፤ ይህ ከፍታ ቋሚውንና ማገሩን ከምስጥም ያርቅልዎታል። መታጠቢያውንና ሽንት ቤቱን የሚይዘው ማዕዘን ግን ያለ ክርክር በብሎኬት ይሠራ፤ እርሱንም የእናትዎ ሴፕቲክ ታንክ ባለበት ወገን ቢያደርጉት አዲስ ጉድጓድ ከመቆፈር ይድናሉ። ጭቃ ቤት የድህነት ምልክት ነው የሚሉ ዘመዶች ካስቸገሩዎት፣ ልደታ በሚገኘው የኢትዮጵያ የአርክቴክቸር፣ የሕንፃ ግንባታና የከተማ ልማት ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ፣ ከስዊዘርላንዱ የዙሪክ የቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ባለ አንድ ፎቅ ቤት ከአፈር መሠራቱን ይንገሯቸው። በዚያ ቤት ፎቁን የተሸከመው ወለል ሳይቀር ያለ ብረት ከአፈር ጡብ እንደ ቅስት የተደረደረ ነው።

ቆጡን በተመለከተ፣ የአዲስ አበባ ሰው በጠባብ የቀበሌ ቤት ውስጥ ሲሠራው የኖረ ነገር ስለሆነ ለማንም እንግዳ አይደለም። እኔም በተማሪነቴ የተከራየሁት ክፍል ቆጥ ነበረው፤ በላዩ ቁጭ ማለት ስለማይቻል ጠዋት ጠዋት ከቆርቆሮው ጋር በግንባሬ ሰላምታ እለዋወጥ ነበር። በሰሜኑ ግድግዳ በኩል፣ ከወለሉ 2 ሜትር ከ20 ከፍታ ላይ፣ 2 ሜትር ስፋት ያለው ቆጥ ቢያወጡ፣ ጣሪያው በዚያ ወገን ከፍ ስለሚል በግድግዳው በኩል 1 ሜትር ከ60 ያህል ቁመት ይተርፈዋል፤ አዋቂ ሰውም ቁጭ ብሎ ማንበብ ይችላል። ሆኖም ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ከቆጡ በላይ በሰሜኑ ግድግዳ ላይ የሚከፈት ትንሽ መስኮት ያስፈልጋል፤ ያለ እርሱ ከሰዓት በኋላ ቆርቆሮው ሥር መቀመጥ አይቻልም። ልጅዎ ከፍ ስትል ቆጡ የእርሷ ይሁን፤ ለጊዜው ዕቃ ያስቀምጡበት። የስድስት ዓመት ልጅ በሌሊት መሰላል እንድትወርድ አልመክርም።

ከፓኔሉና ከውኃው ውኃውን ያስቀድሙ። የአገራችን ኤሌክትሪክ በአብዛኛው ከውኃ ኃይል የሚመነጭ በመሆኑ፣ ፓኔሉ ከጭስ የሚያድነው ነገር እምብዛም ነው፤ ጥቅሙ መብራት ሲጠፋ አምፖልና ስልክ ከማገልገል አያልፍም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 ኪሎ ዋት በላይ ስለሚስብ በትንሽ ፓኔል እንጀራ አይጋገርም። ለነገሩ እንፋሎቱ 24 ካሬ ሜትር ቤት ያረጥባልና፣ ምጣዱን ከእናትዎ ማድ ቤት አያውጡት።

የከተማዋ ዓመታዊ ዝናብ 1,100 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ የወረደ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ሊትር ውኃ ነው። ወደ 30 ካሬ ሜትር ከሚሆነው ጣሪያዎ፣ አምስት እጅ ተከፍሎ አንዱ እጅ ቢባክን እንኳ በዓመት 26,000 ሊትር ያህል ይገኛል። አንድ ወገን ያለው ጣሪያ አንድ አሸንዳ ብቻ ስለሚበቃው ወጪው ይቀንሳል፤ ከአሸንዳው የሚወርደውን የመጀመሪያውን ቆሻሻ ውኃ ግን ደፍተው ሌላውን ያጠራቅሙ። እዚህ ላይ ራስዎን አያታልሉ፤ ዝናቡ በአብዛኛው በክረምት ስለሚወርድ፣ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ለሁለት ሰው በቀን 80 ሊትር ሂሳብ የሚያገለግለው ለ25 ቀን ብቻ ነው። በጋውን ሙሉ አይዘልቅም። በክረምት ግን የልብስ ማጠቢያውንና የሽንት ቤቱን ውኃ ይችላል፤ በሌላውም ጊዜ የቧንቧ ውኃ በመጣበት ቀን እየሞሉት የፈረቃውን ክፍተት ይሞላል። የሞላ ሮቶ ሁለት ቶን ስለሚመዝን ከጭቃው ግድግዳ ራቅ ባለ የድንጋይ መደላድል ላይ ይቀመጥ እንጂ ጣሪያ ላይ አይሰቀል።

የቦታው ካርታ በእናትዎ ስም ስለሆነ፣ የግንባታ ፈቃዱንም በእርሳቸው በኩል ከወረዳው ሳያገኙ መሠረት አያስቆፍሩ። ፈቃዱ እስኪወጣ ድንጋይና እንጨት ማከማቸት ይችላሉ። ጭቃው ከጭዱ ጋር ተቦክቶ ለጥቂት ቀናት መሰንበት አለበት፤ የመጀመሪያው ምርጊት ደርቆ ከተሰነጣጠቀ በኋላ ነው ሁለተኛው የሚለጠፈው። ይህን ሥራ በጥቅምት ቢጀምሩት የበልጉ ዝናብ ሳይደርስ ግድግዳው ይደርቅልዎታል።