ትምህርት ቤት ሲዘጋ በነፃ ከሚገኘው የትኛውን እንምረጥ?

ጥያቄ፦ በምሥራቅ ጎጃም የምኖር የሁለት ልጆች እናት ነኝ። በጸጥታ ችግር የተነሣ የልጆቼ ትምህርት ቤት ከተዘጋ ወራት ተቆጥረዋል። ትንሹ ልጄ ሁለተኛ ክፍል፣ ታላቅ እኅቱ ደግሞ ሰባተኛ ክፍል ላይ ነበሩ። ዘመዶቻችን ከአዲስ አበባ በነፃ የሚገኙ የመማሪያ መተግበሪያዎችንና የቴሌግራም ቻናሎችን ስም በየጊዜው ይልኩልናል፤ ነገር ግን ብዛታቸው ግራ አጋባኝ። ያለን ስልክ አንድ ሲሆን ኔትወርኩም ሲመጣ ሲሄድ ነው። የትኞቹን ብይዝ ይሻለኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ምርጫዎን የሚወስነው የኔትወርኩ ነገር ነው። ትምህርቱ ነፃ ቢሆንም የኢንተርኔት ጥቅሉ ነፃ አይደለም፤ ስለዚህ አንድ ጊዜ ከወረደ በኋላ ያለ ኢንተርኔት የማይሠራውን ሁሉ ማንም ቢያመሰግንልዎ ይተዉት። የሚወርደውንም ዋጋው በሚቀንሰው የሌሊት ጥቅል ያውርዱ፤ ጎረቤት ያወረደውን ደግሞ በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ቢቀበሉ ምንም ጥቅል አይቆርጥብዎትም።

ከሁለቱ ልጆች ይበልጥ የሚያሳስበን ትንሹ ነው። በ2002 ዓ.ም. በሀገራችን በተካሄደው የንባብ ምዘና ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው ታሪክ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም ነበር፤ ያኔ ደግሞ ትምህርት ቤቶች አልተዘጉም። ልጅዎ ፊደል ቆጥሮ ቃላት መገጣጠም በጀመረበት ጊዜ ንባቡ ስለተቋረጠበት፣ በእንግሊዝኛ የተሠሩ ባለ ቀለም ጨዋታዎችን ከመጫንዎ በፊት በአማርኛ የሚነበብ ነገር ይፈልጉለት። መቀመጫው ደቡብ አፍሪካ የሆነው አፍሪካን ስቶሪቡክ፣ ሕንዶቹ የሚያዘጋጁት ስቶሪዊቨርና ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ አጫጭር ባለ ሥዕል ታሪኮችን በነፃ ያቀርባሉ፤ በሦስቱም የአማርኛ ታሪኮች አሉ። ብዙዎቹ ከሌላ ቋንቋ የተተረጎሙ በመሆናቸው አንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ለጆሮ ይጎረብጣልና፣ ልጁ ከማንበቡ በፊት እርስዎ አንድ ጊዜ ይለፉበት። አንዱን ታሪክ ሦስት ቀን ደጋግሞ ጮክ ብሎ ቢያነብ፣ በሦስተኛው ቀን ሥዕሉን በእጅዎ ሸፍነው ቢያስነብቡት፣ በየቀኑ አዲስ ታሪክ ከመክፈት ይልቅ ይጠቅመዋል፤ ምክንያቱም ሥዕሉን አይቶ የሚገምት ልጅ ያነበበ ይመስላል። ቪዲዮ ካስፈለገ በሀገራችን የተሠራችውና ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በቴሌቪዥን የታየችው፣ ዋና ገጸ ባሕርይዋ ቀጭኔ የሆነችው «ፀሐይ መማር ትወዳለች» ከብዙ የውጭ ፊልሞች ትሻላለች፤ ቢያንስ የምትናገረው ልጅዎ በሚገባው ቋንቋ ነው።

የመማሪያ መጻሕፍትን በተመለከተ፣ በቴሌግራም በፒዲኤፍ የሚዘዋወሩትን ከማውረድዎ በፊት ሽፋናቸውን ይመልከቱ። ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉትን የሚያዘጋጀው ትምህርት ሚኒስቴር ሲሆን የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃዎቹን ግን ክልሎች ናቸው የሚያዘጋጁት፤ ስለዚህ የአዲስ አበባ የሰባተኛ ክፍል መጽሐፍ ልጅዎ ከምትማረው ጋር በምዕራፍ ላይገጥም ይችላል። የቀድሞው ሥርዓተ ትምህርት መጻሕፍትም ከአዲሶቹ ጋር ተደባልቀው ስለሚላኩ የታተመበትን ዓመት ማየት ያስፈልጋል። ትክክለኛውን ካገኙ በኋላ ግን ከሁሉም በፊት የሚቀመጠው እርሱ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ሲከፈት የሚጠየቁት ከእርሱ ነውና።

ለታላቋ ልጅዎ ካን አካዳሚ የተባለው የመማሪያ መተግበሪያ የሒሳብ ትምህርት ጥሩ ነው፤ ክፍያም ማስታወቂያም የለበትም። ቋንቋው እንግሊዝኛ መሆኑ መጀመሪያ ላይ ቢከብዳትም፣ ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የምትማረው በዚሁ ቋንቋ ስለሆነ ድካሙ ከንቱ አይቀርም። ከሰባተኛ ክፍል ሳይሆን ከአምስተኛ ክፍል የክፍልፋይ ትምህርት ትጀምር፤ በሒሳብ የሚወድቁ ልጆች ብዙውን ጊዜ የሚወድቁት ከሁለት ዓመት በፊት ባልገባቸው ነገር ነው። ለሳይንስ በአሜሪካው ኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ የሚዘጋጀው፣ በስክሪን ላይ የሚሠሩ ሙከራዎችን የያዘው ፌት (PhET) አለ። ይህንን በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ አጋማሽ የጀመረው የፊዚክስ የኖቤል ተሸላሚው ካርል ዋይማን ሲሆን፣ ሙከራዎቹ አንድ በአንድ ወርደው ያለ ኢንተርኔት ይሠራሉ፤ ባትሪና አምፖል ገዝታ ማገናኘት ያልቻለች ልጅ በስልኩ ላይ ታገናኛቸዋለች።

መጋቢት 7 ቀን 2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ከ26 ሚሊዮን በላይ ተማሪዎች ቤት ዋሉ፤ ትምህርቱም በሬዲዮና በቴሌቪዥን ቀጠለ። ሬዲዮ ግን ያልገባውን ልጅ አይጠብቅም። ስልኩም እንዲሁ ነውና ማታ ማታ እያንዳንዳቸው ቀን የተማሩትን ያስረዱዎት። ስልኩ አንድ ስለሆነ ልጅትዋ ጠዋት፣ ልጁ ከሰዓት በኋላ ይያዙት፤ ሌላው በዚያ ሰዓት ደብተሩ ላይ ይሥራ።

ጥያቄ፦ እኔ ያለኝ ቁልፍ ያለው ተራ ስልክ ነው። የልጅ ልጄ አራተኛ ክፍል ደርሶ ነበር። ለእኛስ ምን አለ? (አንድ አያት፣ ከሰሜን ወሎ)

መልስ፦ አባታችን፣ ሒሳቡን በገበጣ ይጀምሩት። በባለ 12 ጉድጓዱ ገበጣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር ሲገባ ድምሩ 48 ነው፤ ተራው ሲደርስ ጠጠሩ የት እንደሚያበቃ ሳይነካ አስቀድሞ አስልቶ ይንገርዎ፣ ከጨዋታው በኋላም የያዛችሁትን ቆጥሮ ልዩነቱን በደብተሩ ይጻፍ። ለቋንቋው ደግሞ «እንቆቅልሽ» ይበሉትና እርሱም «ምን አውቅልህ» ይበል፤ መልሱን ካላወቀ አገር መስጠቱ እንዳለ ሆኖ፣ የሰጠዎትን አገር ስም በትክክል እንዲጽፈውም ያድርጉ። የቀድሞ ክፍሉን መጽሐፍ ከጎረቤት ልጅ ተውሰው በየቀኑ አንድ ገጽ ቢገለብጥ እጁ አይሰንፍም።