ሐይቅ ማዶ ቤት ለምታዩ የዳላስ ወገኖች

ዳላስና አካባቢዋ ያለን ሰዎች ሰርግ ላይም ለቅሶ ላይም ስንገናኝ ወሬው ዞሮ ዞሮ ቤት ላይ ያርፋል። አሁን አሁን የብዙ ሰው ዓይን ያረፈው ከዳላስ በስተምሥራቅ፣ ከሬይ ሃበርድ ሐይቅ ማዶ ባለችው ሮክዎል ካውንቲ ላይ ነው። «ጋርላንድ ላይ አሮጌ ቤት በምትገዛበት ገንዘብ ሐይቁን ተሻግረህ አዲስ ቤት ትገባለህ» ይባላል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ነገር ግን ሪልተሩ የሚያሳያችሁ ቤቱን ነው፤ ካውንቲዋን ማንም አያሳያችሁም። ስለዚህ እኔ ስለ ኩሽና ማውራቱን ትቼ ስለ ካውንቲዋ ላውራ።

ሮክዎል በስፋት ከቴክሳስ 254 ካውንቲዎች ሁሉ ትንሿ ናት። ውሃዋን ጨምሮ 149 ስኩዌር ማይል ገደማ ነው፤ ይህም ከ390 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ያንሳል። አዲስ አበባ 527 ናት፣ እናንተው አስሉት። ከዚህችው መሬት ላይ 15 በመቶ የሚሆነውን ውሃ ይዞታል። ያ ውሃ ሬይ ሃበርድ ሐይቅ ነው።

ሐይቅ እንበለው እንጂ የሰው ሥራ ነው። የዳላስ ከተማ የመጠጥ ውሃ ፈልጋ የትሪኒቲ ወንዝን ምሥራቃዊ ገባር በ1960ዎቹ (ሁሉንም ዓመት በፈረንጅ ነው የምጽፈው) አስገደበች። ሐይቁ ዛሬም የዳላስ ንብረት ነው። ይህ ለገዢ ቀላል ነገር አይደለም። ማስታወቂያው ላይ «ዎተርፍሮንት» የሚል ስታዩ፣ ከአጥራችሁ እስከ ውሃው ያለው ቁራጭ መሬት የማን እንደሆነ ጠይቁ። ብዙ ቦታ ላይ የዳላስ ነው። በሊዝ ካልያዛችሁትና ፈቃድ ካላወጣችሁ የጀልባ ማቆሚያ ቀርቶ ትንሽ መቀመጫ መሥራት እንኳ ጣጣ ያመጣል። የሚገርመው ደግሞ የሮክዎል ሰው ውሃውን እያየ ይኖራል እንጂ ያንን አይጠጣም። የቧንቧ ውሃው የሚመጣው ዋይሊ ከተማ ካለው የሰሜን ቴክሳስ የውሃ ድርጅት ነው፤ የዚያ ዋና ምንጭ ደግሞ በወንዙ ላይኛው በኩል ያለው ላቮን ሐይቅ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሐይቁ ያለው በእናንተና በቀረው ኑሯችሁ መካከል ነው። ቤተ ክርስቲያኑ፣ መስጊዱ፣ እንጀራ የምትገዙበት ሱቅ፣ ግሪንቪል አቬኑ ላይ ያሉት ምግብ ቤቶች፣ የልጆቹ የአማርኛ ትምህርት፣ ሁሉም ከምዕራብ ነው። ወደዚያ ለመሻገር በዋናነት ያሉት አይ-30 እና ሃይዌይ 66 ናቸው። አንዱ ላይ አደጋ ከደረሰ ሌላው ወዲያው ይጨናነቃል፤ ዳር ዳሩን ዞሬ አመልጣለሁ ብትሉ በደቡብ በፎርኒ ከተማ በኩል ረጅም መንገድ ነው። ቤት የምናየው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ነው፣ ያኔ መንገዱ ባዶ ስለሆነ «ሃያ ደቂቃ ናት» ብለን እንፈርማለን። ማክሰኞ ከጠዋቱ 1 ሰዓት፣ ማለት በፈረንጁ ሰባት ላይ፣ ከዚያ ቤት ደጃፍ ተነስታችሁ እስከ ሥራችሁ በር ድረስ ንዱት። ዲኤፍደብልዩ ኤርፖርት የምትሠሩ በተለይ ልብ በሉ፣ ከ40 ማይል በላይ ነው፣ ያውም ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋርጣችሁ። ሪቻርድሰን ወይም ፕሌኖ የምትሠሩ የቡሽ ተርንፓይክን ትጠቀማላችሁ፤ የቶሉን (የመንገድ ክፍያውን) ሂሳብ በወር አስሉትና ከሞርጌጁ ጎን ጻፉት። መኪና ላይ የሚለጠፈውን ቶልታግ ሳያወጡ በሰሌዳ መክፈል ደግሞ ገንዘብ መጣል ነው።

ስለዚሁ መንገድ አንድ ነገር ልጨምር። በ2015 ዲሴምበር 26፣ የፈረንጆች ገና ማግስት ማታ፣ ቶርኔዶ አይ-30 እና ቡሽ ተርንፓይክ የሚገናኙበትን ቦታ መትቶ ወደ ሮውሌት ከተማ አለፈ። አሥር ሰው ሞተ፤ አብዛኞቹ መኪና ውስጥ የነበሩ ናቸው። ሳይረን ሲጮህ ልጆቹን ላምጣ ብላችሁ ድልድይ ላይ አትውጡ። ባላችሁበት ሕንፃ ውስጥ ታችኛው ፎቅ ላይ መስኮት የሌለው ክፍል ግቡ።

የሕዝቡን ነገር ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። በ2000 ቆጠራ ካውንቲዋ 43,080 ሰው ነበራት። በ2010 78,337 ሆነ፣ በ2020 107,819። ከዚያ ወዲህ ያለው ግምት ከ130 ሺ በላይ ነው። ፌት የምትባለዋ ከተማ በ2000 ነዋሪዋ 500 አይሞላም ነበር፤ በ2020 ወደ 18 ሺ ተጠግቷል። ይህ ዕድገት ጥሩ ጎን አለው፣ ሱቁም ክሊኒኩም ይከተላል። ችግሩ መንገዱ ሁልጊዜ ከሰው ኋላ ነው የሚደርሰው። ትምህርት ቤቱም እንደዚሁ ነው፣ አዲስ በተከፈተ ቁጥር ክልሉ ይቀየርና ልጃችሁ የለመደችውን ትታ ሌላ ልትመደብ ትችላለች። ነዋሪው ከግማሽ በላይ ነጭ ነው፣ ገቢውም ከፍ ያለ ነው፣ የቤተሰብ መካከለኛ ገቢ በዓመት ከ100 ሺ ዶላር ያልፋል። የእኛ ሰው አለ፣ ግን ተበታትኖ ነው ያለው። ጎረቤት ጠርቶ ቡና ማፍላት የለመደ ሰው መጀመሪያ ላይ ብቸኝነት ይሰማዋል። ይህን የምለው ላስፈራችሁ አይደለም፤ ባል ሥራ ውሎ ሲመጣ ሚስት ቀኑን ሙሉ ከሕፃን ጋር ብቻዋን የምትውልበት ቤት ከሆነ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለታችሁም ተነጋገሩበት።

ትንሽ ካውንቲ ናትና ሁሉም ነገር አንድ ዓይነት ነው እንዳትሉ። መሬቷ ላይ ብዙ መስመር ተሰምሯል። የከተማው መስመርና የትምህርት ቤቱ መስመር አይገጥሙም። ፌት ውስጥ አንዱ ሰፈር ለሮክዎል አይኤስዲ (የትምህርት ቤቶች አስተዳደር)፣ ሌላው ለሮይስ ሲቲ አይኤስዲ ነው። ሮውሌት በአብዛኛው ዳላስ ካውንቲ ናት፤ ምሥራቋ ግን ሮክዎል ካውንቲና ሮክዎል አይኤስዲ ውስጥ ይገባል። ለልጆቹ ትምህርት ብቻ ብላችሁ ከሆነ የምትሄዱት፣ ይህን የሮውሌት ክፍል አስቀድማችሁ እዩት። የዳላስ የሕዝብ ትራንስፖርት የሆነው የዳርት ባቡርም ከ2012 ጀምሮ እስከ ሮውሌት ይደርሳል። ከሐይቁ ማዶ ግን ዳርት የለም።

ሌላው መስመር ገንዘብ የሚበላው ነው። ሙድ የሚባል የሰፈር የውሃ አስተዳደር አለ፤ ለውሃና ለፍሳሽ መስመር የተበደረውን ዕዳ ነዋሪው በታክስ የሚከፍልበት ነው። ከከተማው ክልል ውጭ የሚሠሩ አዳዲስ ሰፈሮች ላይ ይበዛል። ቴክሳስ የስቴት የገቢ ግብር የላትም፤ በቤት ታክስ ግን ትበቀላለች። 400 ሺ ዶላር ቤት ላይ 2 በመቶ ማለት በዓመት 8 ሺ ነው፣ በወር ወደ 670 ዶላር። ሙድ ሲጨመርበት ከዚያም ያልፋል። አዲስ ቤት የሚገዛ ሰው ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለበት። የመጀመሪያው ዓመት ታክስ ብዙ ጊዜ የሚሰላው ቤቱ ሳያልቅ፣ በባዶው መሬት ዋጋ ነው። ኤስክሮውም፣ ማለት ባንኩ ከወርሃዊ ክፍያችሁ ላይ ለታክስና ለኢንሹራንስ የሚያስቀምጠው ገንዘብ፣ በዚያው ትንሽ ሂሳብ ይጀምራል። በሁለተኛው ዓመት ታክሱ በሙሉ ቤቱ ላይ ይመጣና ባንኩ «ኤስክሮው ጎድሏል» የሚል ደብዳቤ ይልካል፤ ወርሃዊ ክፍያው በብዙ መቶ ዶላር ይዘላል። ክሎዚንግ (የመጨረሻው ፊርማ) ላይ ኤስክሮው የተሰላው በመሬቱ ነው ወይስ በሙሉ ቤቱ ብላችሁ ጠይቁ። በመሬቱ ነው ካሏችሁ ልዩነቱን ከመጀመሪያው ወር ጀምራችሁ ለብቻ አስቀምጡት።

ከገባችሁ በኋላ መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ ያለውን አድራሻ ቀይሩና ሆምስቴድ፣ ማለት የምትኖሩበትን ቤት ታክስ የሚቀንሰውን ማመልከቻ፣ ሙሉ። ነፃ ነው፣ የካውንቲዋ አፕሬይዛል ዲስትሪክት (የቤት ዋጋ የሚገምተው ቢሮ) ጋ ነው የሚገባው። «እኛ እንሙላላችሁ፣ ይህን ያህል ክፈሉ» የሚል መንግሥት የሚመስል ደብዳቤ ይመጣል፤ ወርውሩት። ቤታችሁን አብዝተው ከገመቱት ደግሞ አቤት ማለት ይቻላል፣ ቀነ ገደቡ በአብዛኛው ሜይ 15 ነው።

መሬቱን ታውቁታላችሁ። ዋልካ ነው። ክረምት ላይ የሚያብጥ፣ በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው የኛው ጥቁር አፈር ነው፣ ፈረንጆቹ ብላክላንድ ይሉታል። የገበሬ ልጅ የሆነ ሰው በዚህ አፈር ላይ ኮንክሪት አንጥፎ ቤት መሥራት ምን ማለት እንደሆነ ሳይነገረው ይገባዋል። አሮጌ ቤት ከሆነ በሮቹን ሁሉ አንድ በአንድ ክፈቱና ዝጉ። የሚነክስ በር ወይም ከመስኮት ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ ስንጥቅ ካያችሁ፣ ከተለመደው ኢንስፔክሽን ሌላ የስትራክቸር መሐንዲስ ጥሩ። ገብታችሁ ስትኖሩም ዝናብ በጠፋባቸው የበጋ ወራት በቤቱ ዙሪያ የሚያንጠባጥብ ጎማ ዘርግታችሁ አፈሩን እርጥብ አድርጉ። ሳሩ ቢደርቅ ይደርቃል፤ ፋውንዴሽን ማስጠገን ግን በሺዎች ነው የሚጠይቀው።

እናትና አባት ከአገር ቤት የምታመጡ ደግሞ አስቡበት። ጋርላንድ ላይ አውቶቡስ ይዘው የትም ይደርሳሉ። ሮክዎል ላይ ያለው ስታር ትራንዚት ነው፣ አስቀድሞ ተደውሎ የሚያዝ። እማማ እንግሊዝኛ ካልቻሉ ደዋዩ እናንተ ናችሁ። ስለዚህ ቤት ስትመርጡ ቢያንስ ከሚነዱ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች አንዱ የሚኖርበትን ሰፈር አጣሩ፤ እሁድ ጠዋት እናንተ ሺፍት ላይ ብትሆኑ እሳቸውን ይዞ የሚሻገር ሰው ያስፈልጋል።