ማባዣ በቃል ይያዝ ወይስ ስልኩ ይበቃል?

«ልጄ 4ኛ ክፍል ነች፣ መምህሯ ማባዣውን በቃል ያዢ ብላታለች፣ ስልክ ባለበት ዘመን ይሄ ሽምደዳ ምን ይሠራል?» ብለሽ ለጠየቅሽው እህቴ፣ ትያዘው ባይ ነኝ።

ባሕር ዳር ሽምብጥ አካባቢ ቤት ለቤት ሒሳብ አስጠናለሁ። አንዱን የ7ኛ ክፍል ተማሪዬን 392ን ለ7 አካፍል አልኩት። አካሄዱን ጥርት አድርጎ ያውቃል። ግን እጁን ጠረጴዛ ሥር ደብቆ 7፣ 14፣ 21 እያለ ጣቱን ይቆጥራል፤ 35 ላይ ሲደርስ ስንተኛው ጣት ላይ እንደነበር ይጠፋበትና እንደገና ከ7 ይጀምራል፣ ሲያገኘው ደግሞ ለምን እንደፈለገው ረስቶታል። ሰነፍ እንዳትዪው፣ ጎበዝ ልጅ ነው። ነገ ደግሞ ተባዝተው 56፣ ተደምረው 15 የሚሆኑ ሁለት ቁጥሮች ፈልግ ይባላል። ሚኒስትሪ ላይ ስልክ ይዞ አይገባ!

ሽምደዳውን ብቻውን ከሆነ እኔም አልወደውም። እኛ ደብተር ጀርባ ያለውን ሰንጠረዥ እንደ ዜማ እናወርደው ነበር፤ ከመሃል 7 ጊዜ 8 ስባል ግን ድርቅ። በማስመሪያ ስንቴ ተመታሁ መሰለሽ፣ አሁንም ስሰማው መዳፌን ይበላኛል።

የገባኝ ሐይቁ ዳር ነው። ዓሣ የሚሸጡ ጎረቤታችን ነበሩ፣ ፊደል አልቆጠሩም። 8 ቆሮሶ አንዱን በ7 ብር ሲሸጡ (ዛሬ በ7 ብር ቅርፊቱም አይገኝ) ጥንድ ጥንድ አድርገው ይደረድሩታል። ሁለቱ 14፣ አራቱ 28፣ ስምንቱ 56። አለቀ። ከዚያ ወዲህ አልረሳሁትም።

ልጅሽም መጀመሪያ በቆርኪ ትደርድረው፣ በቃል መያዙ ከዚያ ይምጣ። ብዛቱ አያስደንግጥሽ። ከ2 እስከ 9 ያለው 64 ይመስላል፣ ግን 3 ጊዜ 8 እና 8 ጊዜ 3 ያው ስለሆነ 36 ነው። የ2ን እና የ5ን አውጪ፣ 21። የ9ን ጣቷ ይሠራላታል፦ አሥሩን ዘርግታ ለ9 ጊዜ 4 አራተኛውን ትጠፍ፣ በግራ 3 በቀኝ 6፣ 36። በቃ፣ 15 ቀረ። በቀን አንዷን፣ ቡና ሲፈላ ወይ ባጃጅ ውስጥ፣ እያዘባረቅሽ ጠይቂያት። ሰዓት አትያዢባት፣ ስትስት አትቆጫት።

በ7 ጊዜ 8 ጀምሪላት፣ የዓሣዋን ነገር እየነገርሻት።