የአሜሪካ የ2008 የኢኮኖሚ ድቀት የማን ጥፋት ነው? ከጎጃም ለቀረቡ ጥያቄዎች መልስ

(ዓመታቱና ወራቱ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፣ ከደብረ ማርቆስ፦ አንዱ ቡሽ ነው ይላል፣ ሌላው ኦባማ። እውነቱ የቱ ነው?

መልስ፦ ከስም በፊት ቀን ይቅደም። ድቀቱ የገባው ዲሴምበር 2007፣ የወጣው ጁን 2009 ነው። ይህን የሚወስነው ፓርቲ ሳይሆን ነጻ የምሁራን ኮሚቴ ነው። ኦባማ ቃለ መሐላ የፈጸመው ጃንዋሪ 20 ቀን 2009 ስለሆነ «እሱ አመጣው» የሚለው አያስኬድም። ማዳበሪያ ሰኔ ላይ ዘግይቶ በቆሎው ኅዳር ላይ ባዶ ቢሆን፣ ኅዳር ላይ የተሾመውን ሊቀ መንበር ማን ይከሳል? ድቀቱ ሲገባ ፕሬዚዳንቱ ቡሽ ነበር ማለት ግን ጥፋቱ ሁሉ የእሱ ነው ማለት አይደለም።

ጥያቄ፣ ከቡሬ፦ ታዲያ መነሻው ምን ነበር?

መልስ፦ የቤት ብድር። በሰፊው የተሸጠው ዓይነት ለ2 ዓመት ዝቅ ያለ ወለድ፣ ለቀሪው 28 ዓመት ግን ከፍ የሚል ነበር። እናስላው፦ 200,000 ዶላር በ7 በመቶ የተበደረ ሰው በወር 1,330 ያህል ይከፍላል። በሦስተኛው ዓመት ወለዱ 10 በመቶ ሲገባ ክፍያው ወደ 1,740 ይወጣል፤ ደመወዙ ግን እዚያው ነው። ያበደረው ድርጅት ደግሞ ብድሩን ለዎል ስትሪት (ለኒውዮርክ ትልልቅ የገንዘብ ድርጅቶች) ሸጦ ስለወጣ፣ ተበዳሪው ቢከፍል ባይከፍል ግድ አልነበረውም። ዋናው ብልሽት ይህ ይመስለኛል።

ተጠያቂው ብዙ ነው። ማዕከላዊ ባንኩ ጁን 2003 ላይ ወለዱን ወደ 1 በመቶ አውርዶ ብድር አረከሰ፤ ከ1994 ጀምሮ መጥፎ የቤት ብድርን የመከልከል ሥልጣን ቢኖረውም ሰፊ ደንብ ያወጣው ጁላይ 2008 ላይ ነው። ከቡሽ በፊት የነበረው ፕሬዚዳንት ክሊንተን በ2000 መጨረሻ የፈረመው ሕግ ዴሪቬቲቭ የሚባሉትን ውሎች (ዋጋቸው በሌላ ነገር ዋጋ የሚወሰን) በአብዛኛው ከቁጥጥር ውጭ አደረጋቸው። በቡሽ ዘመን የነበሩት ተቆጣጣሪዎችም ዝም አሉ። ጉዳዩን የመረመረው ኮሚሽን ራሱ አልተስማማም፤ ከ10 አባላት ሪፖርቱን የደገፉት 6ቱ ብቻ ናቸው።

ጥያቄ፣ ከፍኖተ ሰላም፦ ለባንኮች 700 ቢሊዮን ዶላር የሰጠው ኦባማ አይደለም?

መልስ፦ አይደለም። የተወካዮች ምክር ቤቱ መጀመሪያ ውድቅ አድርጎት ነበር፤ በኋላ ጸድቆ ኦክቶበር 3 ቀን 2008 የፈረመው ቡሽ ነው። ኦባማ ያኔ ሴናተር ሆኖ ደግፎታል። የእሱ የሆነው ፌብሩዋሪ 2009 የፈረመው የ787 ቢሊዮን ዶላር የኢኮኖሚ ማነቃቂያ ነው።

ጥያቄ፣ ከሞጣ፦ ድቀቱ በ2009 ካበቃ፣ እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን ለምን ዓመታት ሙሉ ሥራ አጡ?

መልስ፦ «አበቃ» ማለት መውረዱ ቆመ ማለት ነው። ገደል የገባ ሰው መሬት ሲነካ መውደቁ ያበቃል፤ አፋፉ ላይ ግን አልተመለሰም። ሥራ አጥነት 10 በመቶ የደረሰው ኦክቶበር 2009 ነው፤ የሥራው ብዛት ወደ ቀድሞው የተመለሰው ሜይ 2014። የቤት ዋጋ ወድቆ ዕዳው ከቤቱ በለጠ፤ ሰው የሚያገኘውን ሁሉ ለዕዳ ሲያደርግ ነጋዴ ምን ይሸጣል? ክፍለ ሀገራቱም ከሞላ ጎደል ሁሉም በጀታቸውን ማመጣጠን ግዴታቸው ስለሆነ፣ ገቢው ሲቀንስ መምህርና ፖሊስ አሰናበቱ።

ወቀሳው ለሁለት መከፈል ያለበት እዚህ ላይ ነው። የኦባማ ባለሙያዎች ማነቃቂያው ከጸደቀ ሥራ አጥነት 8 በመቶ አካባቢ ይቆማል ብለው ነበር፤ ተሳሳቱ። የቡሽ ፓርቲ ሪፐብሊካኖች ደግሞ በ2011 የዕዳ ጣሪያውን (መንግሥት ሊበደር የሚችለውን ከፍተኛ መጠን) መያዣ አድርገው ወጪ አስቀነሱ፤ ኢኮኖሚው ገና ሲያገግም ስለነበር ጎዳው።

ጥያቄ፣ ከባሕር ዳር፦ ፖለቲከኛ ቁጥር ሲጠራ በምን ላረጋግጥ?

መልስ፦ ሁለት ነገር ይዩ። አንደኛ፣ የወሩ የሥራ ቁጥር የሚወሰደው 12ኛው ቀን ካለበት የደመወዝ ጊዜ ነው። ስለዚህ በጃንዋሪ 2009 የጠፋው ሥራ በኦባማ ስም ሲጻፍ ካዩ ስህተት ነው። ሁለተኛ፣ የበጀት ዓመታቸው የሚጀምረው ኦክቶበር 1 ነው፤ ስለዚህ የ2009 በጀት የጀመረው በቡሽ ዘመን፣ ኦክቶበር 2008 ላይ ነው። የ2009 በጀት ጉድለት 1.4 ትሪሊዮን ዶላር ሆነ፤ የምክር ቤቱ የበጀት ቢሮ ግን ኦባማ ቢሮ ከመግባቱ በፊት፣ በዚያው ጃንዋሪ መጀመሪያ፣ ጉድለቱ 1.2 ትሪሊዮን እንደሚደርስ ተናግሮ ነበር።