እርጉዝ ነኝ፣ የፍሉ ክትባት ልወጋ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ የ5 ወር እርጉዝ ነኝ፣ የምኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ለክትትል ስሄድ ነርሷ የፍሉ ክትባት ልስጥሽ ስትለኝ ላስብበት ብዬ ወጣሁ። እናቴ ከአገር ቤት «በሆድሽ ልጅ ይዘሽ መርፌ ይቅርብሽ» ትለኛለች። ባለቤቴም አምና ተወግቶ አሞት ነበር። ልጄን ይጎዳብኝ ይሆን? ዋጋውስ?

መልስ፦ ተወጊ እህቴ፣ ዛሬ ነገ አትበይ። እናትሽ ስለሚሳሱልሽ ነው። ግን አገር ቤት ነፍሰ ጡሮች ጤና ጣቢያ የቲታነስ ክትባት ይወጉ የለ? እሱም እናቲቱን ብቻ ሳይሆን የሚወለደውን ሕፃን ከመንጋጋ ቆልፍ ለማዳን ነው። የፍሉውም ሥራ እንደዚያው ነው፤ ሰውነትሽ የሚሠራው መከላከያ በእንግዴ ልጁ በኩል ወደ ሕፃኑ ያልፋል። ይህ ትልቅ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ሕፃን 6 ወር ሳይሞላው የፍሉ ክትባት አይሰጠውም፣ በዚያ ዕድሜው ደግሞ ፍሉ ክፉኛ ይጥለዋል። ባለቤትሽም፣ አራስ ሊጠይቅሽ የሚመጣውም ሰው ቢከተብ ጥሩ ነው።

ለራስሽም ቢሆን እርግዝና ልብና ሳንባ ላይ ጫና ስለሚያበዛ ፍሉ ይበረታብሻል። እ.ኤ.አ. ከ2010 እስከ 2016 በተለያዩ አገሮች የተሰበሰበ መረጃ የታየበት ጥናት፣ ክትባቱ ነፍሰ ጡሮች በፍሉ ሆስፒታል የመተኛታቸውን ዕድል 40 በመቶ ገደማ እንደቀነሰ አሳይቷል። ተከትበሽም ሊይዝሽ ይችላል፣ ግን ብዙውን ጊዜ ቀለል ይላል።

ጉዳቱስ? ክንድሽን ይጠዘጥዝሻል፣ ድካምና ቀላል ትኩሳት ሊኖር ይችላል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይለቅሻል። ባለቤትሽን ያመመውም ይኸው ሊሆን ይችላል፤ በመርፌው ውስጥ ሕይወት ያለው ቫይረስ ስለሌለ ፍሉ አያሲዝም። ትኩሳት ከመጣ ግን ዝም አትበይ፣ ለሐኪምሽ ደውለሽ ስለ ትኩሳት ማብረጃው ታይሌኖል ጠይቂ። በአፍንጫ የሚረጨው ክትባት የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ስላለበት ለእርጉዝ አይሆንም፣ «መርፌውን ነው የምፈልገው» በይ። ከዚህ በፊት ክትባት ከባድ አለርጂ አስነስቶብሽ ከሆነ፣ ወይም ጊላን ባሬ የሚባለው የነርቭ ሕመም ይዞሽ ከነበረ፣ መጀመሪያ ሐኪምሽን አማክሪ። ስለ ውርጃ የሚወራውንም ሰምተሽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2017 አንድ ጥናት ስጋት አንስቶ ነበር፣ እነዚያው ተመራማሪዎች ብዙ ሴቶች ጨምረው ደግመው ሲያዩት ግን ግንኙነት አላገኙም።

ዋጋው ብዙም አያሳስብሽ። ኢንሹራንስ ካለሽ በኔትዎርኩ ውስጥ ያለ (ኢንሹራንስሽ የሚቀበለው) ፋርማሲ ወይም ክሊኒክ ሄደሽ አብዛኛውን ጊዜ ምንም ሳትከፍይ ትወጊያለሽ፣ ገቢያቸው ዝቅ ላለ ሰዎች የሚሰጠው የመንግሥት ኢንሹራንስ ሜዲኬድም ይሸፍናል። ምንም ከሌለሽ የካውንቲውን ጤና ቢሮ ጠይቂ። መከላከያው እስኪሠራ ሁለት ሳምንት ያህል ስለሚፈልግ የሚቀጥለውን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ በዚህ ሳምንት ሂጂ።