ተማሪዎቼ በማይክሮስኮፕ ጥቁር ክብ ብቻ ያያሉ ለሚለው ጥያቄ

ውድ መምህርት፣ ጥያቄዎን በጥሞና አነበብኩት። ባሕር ዳር ውስጥ 9ኛ ክፍል ባዮሎጂ እንደሚያስተምሩ፣ ለ60 ተማሪዎች ብርሃን በመስታወት የሚቀበሉ ሁለት ማይክሮስኮፖች ብቻ እንዳሉዎት፣ የቀይ ሽንኩርት ህዋስ ለማሳየት ሲሞክሩም አብዛኞቹ ተማሪዎች «ጥቁር ነው» ወይም «የራሴን ሽፋሽፍት ነው የማየው» እንዳሉዎት ጽፈዋል። እኔም በጣና ዳር ባሉ ትምህርት ቤቶች ብዙ ዓመት ሳይንስ ሳስተምር ይህንኑ ደጋግሜ ስላየሁት፣ የሠራልኝን ዘርዘር አድርጌ ልጻፍልዎ።

ችግሩ ከሽንኩርቱ አይመስለኝም። ብርሃን መፈለግ ራሱን የቻለ ትምህርት ስለሆነ፣ በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ስለ ህዋስ ጨርሶ ባይነሳ ይሻላል። ስላይድ (የሚታየው ነገር የሚቀመጥበት ጠፍጣፋ መስታወት) ሳይቀመጥ፣ ባለ 4 እጥፉ ኦብጄክቲቭ (ከስላይዱ በላይ ያለው የታችኛው ሌንስ) «ቀጭ» ብሎ ቦታውን እስኪይዝ ድረስ ተማሪው ራሱ ያዙረው፤ ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ ኦብጄክቲቭ ጨለማ ወይም የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ብቻ ነው የሚያሳየው። ከዚያ ዲያፍራሙን (የሚገባውን ብርሃን የሚያሰፋውንና የሚያጠበውን ቀዳዳ) ከፍቶ፣ መስታወቱን ቀስ እያለ እያዘነበለ፣ ዳር እስከ ዳር እኩል የነጣ ክብ እስኪያገኝ ይሞክር። መስታወቱ ወደ ሰማይ ወይም ወደ ነጭ ግድግዳ ይዙር እንጂ በምንም ምክንያት ወደ ፀሐይ አይዙር፤ ተሰብስቦ የሚመጣው የፀሐይ ብርሃን ዓይን ያጠፋል። ክፍልዎ ወደ ሐይቁ የሚያይ ከሆነ ደግሞ ከውኃው ላይ የሚያንጸባርቀውን ፀሐይም ይጠንቀቁ። ሽፋሽፍቱን የሚያይ ልጅ ዓይኑን ከዓይን ሌንሱ (ከላይ ከሚታይበት ሌንስ) ጋር አጣብቋል ማለት ነው። ትንሽ ራቅ ብሎ ጀምሮ፣ ክቡ ሙሉ ሆኖ እስኪታየው ድረስ ቀስ በቀስ ይቅረብ። ሌላኛውን ዓይን በእጅ መሸፈን ቶሎ ስለሚያደክም፣ ሁለቱንም ዓይን ከፍቶ ማየትን ከመጀመሪያው ቀን ያለማምዷቸው።

ብርሃኑ ከተገኘ በኋላ ከአሮጌ ጋዜጣ ተራ ጽሑፍ ላይ «ሁ» የምትለዋን ፊደል ቆርጠው፣ በአንድ ጠብታ ውኃ ስላይድ ላይ አስተኝተው በከቨር ስሊፕ (በስስ መሸፈኛ መስታወት) ይሸፍኑ። ሌላ ፊደል ሳይሆን «ሁ» ያልኩት በምክንያት ነው። «ዐ» ብትገለበጥም ያው «ዐ» ናት። «ሀ» ስትገለበጥ ልጆቹ «በ» ናት ይላሉ፤ ይህ ጥሩ ነው፣ ግን ምስሉ ላይና ታች ብቻ ሳይሆን ግራና ቀኝም እንደሚገለበጥ አያሳይም። «ሁ» ግን አፏ ወደ ታች ይሆንና በቀኝ የነበረችው ቅጥያዋ በግራ ትገኛለች፤ በፊደል ገበታ ላይ የሌለች ፊደል ስለምትሆን ተማሪው የተገለበጠውን ወዲያው ይለያል። ስላይዱን ወደ ቀኝ ሲገፋው ምስሉ ወደ ግራ ሲሄድበት መጀመሪያ ይደነግጣል፤ እጁ ይህን እስኪለምድ ጊዜ ይስጡት። ከዚያ ወደ 10 እጥፉ ሲሻገር ፊደሏ ከክቡ ታልፍና የወረቀቱ ጭረትና በጭረቱ መካከል የተበታተነው ቀለም ይታየዋል። የዓይን ሌንሱ 10 እጥፍ ከሆነ ይህ 100 እጥፍ ነው፤ ያም ሆኖ የሚያየው ቦታ ጠበበ እንጂ አልሰፋም። ይህን በፊደል ያየ ልጅ ሽንኩርት ላይ አይጠፋበትም።

እኔ ተማሪ ሳለሁ በ40 እጥፉ ኦብጄክቲቭ እያየሁ ትልቁን ማስተካከያ አዞርኩና ስላይዱን ሰበርኩት፤ የሌንሱም ፊት ተጫረ። በዚያ ትምህርት ቤት ሌላ 40 እጥፍ ስላልነበረ፣ ከእኔ በኋላ የመጡት ተማሪዎች ሁሉ በተጫረ ሌንስ ተማሩ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ በትልቁ ማስተካከያ ስላይዱና ኦብጄክቲቩ እንዲቀራረቡ የሚደረገው ከጎን እየታየ ብቻ ነው፤ በዓይን ሌንሱ እየታየ የሚደረገው ማራራቅ ነው። በ40 እጥፉ ላይ ደግሞ ከትንሹ ማስተካከያ በቀር ምንም አይነካም። ይህን ሕግ በሰሌዳው ላይ በትልቁ ይጻፉት።

ወደ ሽንኩርቱ ሲመጡ፣ ከቅርፊቱ ጎድጓዳ ፊት የሚላጠውን ስስ ሽፋን ሳያጥፉ በውኃ ጠብታ ላይ ዘርግተው አንድ ጠብታ አዮዲን ይጨምሩበት። ከቨር ስሊፑ በአንድ ጠርዙ ቆሞ ቀስ ብሎ ይተኛ፤ አለበለዚያ አየር ይገባና ጠርዙ ወፍራምና ጥቁር የሆነ ክብ አረፋ ይታያል፤ ልጆቹም «ህዋስ አገኘን» ብለው የሚጠሩዎት እሱን አይተው ነው። ህዋሶቹ እንደ ጡብ ግንብ ጎን ለጎን ተያይዘው የተደረደሩ ናቸው፤ አረፋ ግን ብቻውን ይቆማል። አዮዲኑ ኒውክለሱን (በህዋሱ ውስጥ ያለውን ትንሽ ክብ አካል) ቢጫ ወይም ቡናማ ያደርገዋል፤ ደብዝዞ ከታየ ዲያፍራሙን ጠበብ ማድረግ ይረዳል። አልፎ አልፎም ተማሪዎች ቆሻሻን ህዋስ ብለው ይሥላሉ። የዓይን ሌንሱ ሲዞር ነጥቡ አብሮ ከዞረ ቆሻሻው እዚያ ላይ ነው፤ ስላይዱ ሲንቀሳቀስ አብሮ ከሄደ ስላይዱ ላይ ነው፤ በሁለቱም ካልተነቃነቀ ኦብጄክቲቩን በንጹሕ የሌንስ ወረቀት ይጥረጉ። የሸሚዝ ጫፍ ሌንስ ይጭራል።

ልኬትንም አይለፉት። የዓይን ሌንሱ ላይ 18 የሚል ቁጥር ከተጻፈ፣ 18ን ለኦብጄክቲቩ ቁጥር ሲያካፍሉ የሚታየው ክብ ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋት በሚሊ ሜትር ይገኛል፦ በ4 እጥፉ 4.5፣ በ10 እጥፉ 1.8፣ በ40 እጥፉ 0.45። በ10 እጥፉ በክቡ መሐል ለመሐል በርዝመታቸው 6 ህዋሶች ከተቆጠሩ አንዱ ወደ 0.3 ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ተማሪዎቼ ህዋስን በእውነት ያመኑት ሥዕል ባሳየኋቸው ቀን ሳይሆን ራሳቸው ለክተው ይህን ቁጥር ባገኙ ቀን ነው።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ የሐይቁን ውኃ ያምጡላቸው። ጣና ላይ በ2011 እ.ኤ.አ. የታወቀው እንቦጭ ለዓሣ አጥማጁ መከራ ቢሆንም፣ እንደ ላባ የተንዠረገገው ሥሩ ሲጨመቅ በሚወጣው ውኃ ውስጥ የሚርመሰመሱ ጥቃቅን ፍጥረታት በብዛት ይገኛሉ። ጥቂት የጥጥ ክር ጠብታው ውስጥ ቢያስገቡ እንቅስቃሴያቸውን ስለሚገታ ለማየት ይመቻል። ነገር ግን በሐይቁ ዳር ቢልሃርዚያ ስላለ ተማሪ ውኃ ውስጥ እንዳይገባ፤ እርስዎም ጓንት አድርገው በገመድ በታሰረ ጣሳ ይቅዱ። የተረፈውን እንቦጭ ፀሐይ ላይ አድርቀው ያስወግዱት እንጂ ወደ ሌላ ኩሬም ሆነ ቦይ አይጣሉት።

ለ60ው ተማሪ ሁለት ማይክሮስኮፕ ማነሱ እውነት ነው። እኔ ግማሹ ክፍል እንዲያይ፣ ግማሹ እንዲሥል አደርግ ነበር፤ ተራ የሚጠብቀው ልጅ «ሁ» እንዴት ሆና እንደምትታይ አስቀድሞ ገምቶ ይሥላል፤ ካየ በኋላ ከግምቱ ጎን ሌላ ይሥላል። ስልክዎን በዓይን ሌንሱ ላይ አስጠግተው ፎቶ ቢያነሱ ደግሞ ልጁ የሚያየውን እርስዎም አይተው በጣት ማሳየት ይችላሉ።

እነዚህን አድርገው 40 እጥፉ ብቻ ደብዝዞ ከቀረ፣ ክረምቱን በእርጥበት ቆይቶ ሌንሱ ሻግቶ ሊሆን ስለሚችል፣ ኦብጄክቲቩን ፈትተው በመስኮት ብርሃን ፎቶ አንስተው እዚሁ ይለጥፉልን፤ አብረን እናየዋለን።